ለድልድይ ምሰሶ የተላኩ ሽማግሌዎች

በእኛ አገር «አይሆንም» መልስ አይደለም፤ የጠብ መጀመሪያ ነው። አንድ ሰው «አይሆንም» ሲል ምክንያቱን የሚጠይቀው ጥቂት ነው፤ የቀረነው «ማን አስቀይሞት ይሆን?» እንላለን። ሐኪሙ መድኃኒቱ ጊዜው አልፏልና አልሰጥም ቢል በጠዋት ከሚስቱ ጋር የተጨቃጨቀ ይመስለናል። መምህሩ ልጁ አላለፈም ቢል ከልጁ አባት ጋር በድንበር የተጣላ ይመስለናል። ስለዚህ ነገሩን ከመመርመር ሽማግሌ መላክ ይቀለናል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በቤተ መጻሕፍት ሠራተኝነት ነውና ስለ ሥነ ምግባር የተጻፈ ብዙ አንብቤአለሁ። ለማንበብ ያህል ማለቴ ነው። ከዚያ ሁሉ መጽሐፍ ግን አንዱም ለአንድ የሲሚንቶ ምሰሶ ሽማግሌ ሲላክ ምን እንደሚደረግ አይነግርም።

ከስማዳ በልጅነቴ ወጥቼ ከአርባ ዓመት በላይ የኖርሁት ድሬዳዋ ነው። የአገሬ ሰዎች «ሐረር ያለችው» ይሉኛል፤ ለእነሱ ከአዲስ አበባ ወዲያ ያለው ሁሉ ሐረር ነው። ማረም ከተውሁ ቆየሁ። ባለፈው በጋ፣ በክረምት መንገድ ስለሌለ ወደ በጋ የተዛወረውን የወንድሜን የጋሻውን ሙት ዓመት ለማውጣት ተመለስሁ። መኪናው ወገዳ ላይ አራገፈኝ፤ የቀረውን በበቅሎ ሄድሁ፤ በቅሎዋም እኔም ደስ ሳይለን።

ጋሻው እንዴት እንደሞተ ካልነገርኋችሁ የቀረው አይገባችሁም። በነሐሴ ሆዱን አመመው። ጤና ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ነው። በቃሬዛ ተሸክመው ዳር ቢያደርሱት ወንዙ ሞልቷል። እስኪጎድል ሁለት ቀን እዚያው ጠበቁ። በሦስተኛው ቀን ወንዙ ጎደለ፤ ጋሻው ግን እስከዚያ አልቆየም። እንግዲህ አንድ የእርዳታ ድርጅት በዚያ ወንዝ ላይ የእግረኛ ድልድይ ሊያሠራ ነው ሲባል፣ ሚስቱ ጥሩወርቅ ማንም ሳይጠራት ወርዳ ከወንዶች ጋር ድንጋይ ስታቀብል ሰነበተች።

ተቋራጩ አቶ ደምስ የዚያው አገር ልጅ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህን ወግ በአንድ ገጽ እጨርሰው ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን አጥር በነጻ ያጠረ፣ ከለቅሶ የማይቀር፣ ሽማግሌ ሲያይ ከሩቅ ባርኔጣውን የሚያወልቅ ሰው ነው። ሥራውን የምትቆጣጠረው መሐንዲስ ደግሞ ራሔል የምትባል፣ ከሠላሳ ያልዘለለች ቀጭን ልጅ ናት። የመካከለኛው ምሰሶ ሲሚንቶ ደርቆ፣ ይዞት የነበረው ሳንቃ በተነሣ ጊዜ መዶሻዋን ይዛ ወረደች። ሦስት ጊዜ መታችው። በሦስተኛው አንድ ዳቦ የሚያህል ቁራጭ ተገምሶ ወደቀ። አሸዋው ሳይታጠብ ኖሮ፣ ከቁራጩ ውስጥ አፈርና የባሕር ዛፍ ቅጠል ወጣ። «ፈርሶ እንደገና ይሠራ» ብላ ጻፈች። ምሰሶው ከፈረሰ ድልድዩ ለክረምት አይደርስም።

አቶ ደምስ ታዲያ አሸዋ ማጠብ ጀመረ? ሽማግሌ ላከ።

ሽምግልናውን የመሩት ቄስ ንጋቴ ናቸው። ከእሳቸው ጋር አቶ እምሩ የሚባሉ የቀበሌው አዛውንት ነበሩ። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ «በወረቀት ቋንቋ ታናግራታለች» ተብዬ ተጨመርሁ። ሴት ለሽምግልና ስትቀመጥ በአገራችን ብዙ አይታይምና ኩራት ተሰማኝ። ዛሬ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

ከወንዙ ዳር ከወይራው ጥላ ሥር ተቀመጥን። ጥሩወርቅ ለእርቁ የሚሆን ዳቦ ይዛ ከኋላ ቆመች።

«ልጄ» አሉ ቄስ ንጋቴ፣ መስቀላቸውን አውጥተው፤ «ከደምስ ጋር ምን አጣላችሁ?»

«አባ፣ አልተጣላንም» አለች ራሔል።

«ተመስገን! እንዲያ ከሆነ እርቁ ቀላል ነው።»

«ነገሩ የምሰሶው ነው እንጂ...»

«ምሰሶ ምን ያውቃል? የሚጣላ ሰው ነው። ደምስ፣ ተነሥ! ይቅርታ ጠይቃት።»

ደምስ ተነሣና ከአጠገቡ ድንጋይ አንሥቶ አንገቱ ላይ አደረገ፤ እንደ ደንቡ። ያነሣው ለግንባታው ከተከመረው ነው። ደህና፣ ጠንካራ ድንጋይ ነበር፤ ምነው ምሰሶው ውስጥ በገባ ብዬ አሰብሁ፤ ግን ሽማግሌ ነኝና ዝም አልሁ። ራሔል ደንግጣ ድንጋዩን አስጣለችው፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ቄስ ንጋቴ መረቁ፤ እኛም አሜን አልን። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ፈጣን እርቅ አላየሁም።

«በይ እንግዲህ ፈርሚ» አሉ አቶ እምሩ።

«ምኑን?»

«ታርቀሽ የለም እንዴ?»

«ከአቶ ደምስ ጋር ታርቄአለሁ። ምሰሶው ግን ያው የትናንቱ ነው።»

«እዩልኝ እንግዲህ! ቂሟን አልተወችም!» ብለው አቶ እምሩ ወደ እኔ ዞሩ።

የእኔ ተራ ደረሰ። ሳላፍር ተናገርሁ። የጋሻውን ቃሬዛ አነሣሁ፤ ሕግ ለሰው ነው እንጂ ሰው ለሕግ አይደለም አልሁ፤ የከርሞው ጥሩ ድልድይ ለዘንድሮ በሽተኛ ምን ያደርግለታል አልሁ። አርባ ዓመት ያነበብሁትን ሁሉ ለዚያ ቅጠል ለበላ ምሰሶ ጠበቃ አድርጌ አቆምሁት። አምናችሁ ስሙኝ፤ የተማረ ሰው ሲሳሳት የሚያምርበትን ያህል ማንም አያምርበትም።

ራሔል እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ አንድ ወረቀት አውጥታ ጥቂት ጻፈችና «እርቅ ዋስ አለው አይደል? እንግዲያው እኔም እፈርማለሁ፤ እናንተም ዋስ ሁኑኝ» ብላ ሰጠችኝ። ጮክ ብዬ አነበብሁት፦ «ይህ ምሰሶ ይበቃል ብለን ያስፈረምን እኛ፣ በነሐሴ ወንዙ ሲሞላ ከሰው ሁሉ ቀድመን በድልድዩ እንሻገራለን።»

እስክሪብቶውን ያዝሁት። መልሼ አስቀመጥሁት።

«እኔ እንኳ በነሐሴ አልኖርም» አልሁ። «ሰኔ ሳይገባ እመለሳለሁ።»

«አባስ?» አለች ራሔል።

«ነሐሴማ ፍልሰታ ነው፤ ሱባኤ እገባለሁ» አሉ ቄስ ንጋቴ።

አቶ እምሩ ጉልበታቸውን ያሹ ጀመር፤ እስከዚያች ደቂቃ ደህና የነበረ ጉልበት ነው። ደምስ ክረምቱን መካነ ኢየሱስ ከተማ ሌላ ሥራ እንዳለው ተናገረ።

«የድርጅቱ ሰዎችም ለምረቃ በሰኔ መጥተው በሰኔ ይሄዳሉ» አለች ራሔል። «የእኔም ውል በሐምሌ ያልቃል። ታዲያ እማማ፣ ይህ ድልድይ በነሐሴ ለማይኖሩ ሰዎች ነው የሚሠራው?»

«እኔ አለሁ» የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ።

ጥሩወርቅ ናት። ሁላችንም ቀለል አለን፤ እሷ ልትፈርምልን ነው ብለን። እኔም፣ አዎ እኔም፣ የጣት ቀለም ይኖር ይሆን ብዬ በዓይኔ ፈለግሁ።

«እታለም፣ እስቲ ወረቀቱን ይድገሙልኝ» አለችኝ። ደገምሁላት። ወንዙን አየች፤ ምሰሶውን አየች።

«ጋሻው እዚህ ዳር ላይ ሞተ» አለች። «እዚህ ዳር ስለሞተ አልቅሰን ቀበርነው፤ ይኸው ሙት ዓመቱንም አወጣን። ወንዝ ይዞት የሄደ ሰው ቢሆን የቱ ጋ እናለቅስለት ነበር?» ከዚያ ወደ ራሔል ዞረች። «አፍርሽው።»

ጥሩወርቅ ዳቦውን አስቀምጣ «በሉ ብሉ፤ ይደርቃል» አለችን። ምን እናድርግ፤ በላን።

ምሰሶው ፈረሰ። የድርጅቱ ሪፖርት ግን ስለ አሸዋውም ስለ ቅጠሉም አንድ ቃል አልጻፈም፤ «በባለሙያዋና በተቋራጩ መካከል የተፈጠረው አለመግባባት በአገር ሽማግሌዎች ጥረት ተፈቷል» አለና አለፈው። ራሔል ከባለድርሻ አካላት ጋር ተግባብቶ ስለመሥራት ሥልጠና ያስፈልጋታል ተብላ ተላከች። ለእኛ ለሽማግሌዎቹ «ለሙያ ሥነ ምግባር መከበር ላደረጋችሁት አስተዋጽኦ» የሚል የምስክር ወረቀት ተሰጠን። የእኔን ወረቀት ፎቶ አንሥተው በስልክ ላኩልኝ። ከስሜ ቀጥሎ «ከሐረር» ይላል።

በነሐሴ ለጥሩወርቅ ደወልሁላት። እኔ ድሬዳዋ፣ አሸዋ ብቻ ካለበት ደረቅ ወንዝ ማዶ፣ ማራገቢያ ሥር ተቀምጫለሁ።

«ወንዙ ሞላ?»

«አፉ ድረስ።»

«ምሰሶውስ?»

«ግማሽ ደርሶ ቆሟል። ደምስ አሸዋ ሲያጥብ ክረምቱ ቀደመው።»

«እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ምን እናደርጋለን፤ ዳር ላይ ተሰብስበን ያችን መሐንዲስ እንረግማለን። አቶ እምሩ በተለይ ሌላ ሥራ የላቸውም።»

«አንቺም?»

«አንዳንዴ፤ ብርዱ ሲበረታ» አለች። ከስልኩ ወዲያ ወንዙ ሲያጓራ ይሰማል። «ቆጥሬአቸው ነበር ግን፣ እታለም። ወንዙ እንዲህ ሞልቶ፣ ለመራገም ከመጣው ሰው አንድም አልጎደለም።»