ሰባተኛው መንገደኛ

ፖሊስ ሥልጠና ያንሰዋል የምትሉ ሰዎች፣ ተሳስታችኋል! የእኛ አገር ፖሊስ ሥልጠና አላነሰውም... ሞልቶ ፈስሶበታል እንጂ! ካላመናችሁኝ፣ በደርግ ጊዜ ከድሬ ወደ ሐርላ ሬሳ ይዛችሁ መሄድ ነበረባችሁ።

ታላቅ ወንድሜ ሙክታር ሞቶብኝ ነበር። መካኒክ ነበር። ሌላውን... ሌላውን ተዉት። አያቶቻችን የተቀበሩት ሐርላ ስለሆነ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ልናደርሰው በፔጆ ፒክአፕ ይዘነው ወጣን። ኬላው ላይ ገመድ ተወጥሯል። አጠገቡ ልጅ እግር ፖሊስ ቆሟል፤ ከማሠልጠኛ ከወጣ ሳምንት የሞላው አይመስልም፣ ጫማው እንኳ ገና አልታጠፈም።

«ስንት ናችሁ?»

«ስድስት» አለ አጎቴ ዩሱፍ።

ፖሊሱ በጣቱ ቆጠረን። «ሰባት!»

«አቦ፣ ሰባተኛው ጀናዛ ነው!»

በከፈን የተጠቀለለውን ወንድሜን አየ፤ ደብተሩን አየ። «ዕቃ ነው መንገደኛ? ዕቃ ከሆነ ይፈተሻል። መንገደኛ ከሆነ ይመዘገባል። ሌላ አልተማርንም።»

«ወንድሜ ዕቃ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ምን አለ ዝም ብል!

«እንግዲያው መታወቂያ!»

የቀበሌ መታወቂያው ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ሰጠሁት። ፎቶውን አፍጥጦ ተመለከተ።

«ይስቃል እንዴ?»

«ሁልጊዜ ይስቃል» አልኩ። «ይስቅ... ነበር።»

«የጉዞው ምክንያት?»

«ቀብር።»

«የማን?»

«የራሱ ነዋ!» አለ አጎቴ።

ፖሊሱ አሰበ፣ አሰበና ጻፈ፦ «የግል ጉዳይ»።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አጎቴ ትዕግሥቱ አለቀ። «ወላሂ፣ ከመሸብን አንተን ነው የምቀብርህ!»

«የእርስዎ ስም ማን ነበር?» አለ ፖሊሱ፣ ብዕሩን እንደያዘ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኛ ስማችንን ሁሉ አስጻፍን። ገመዱ ወረደ። ለሙክታር ሰላምታ ሰጥቶ አሳለፈን። ለጥቂት ደረስን፤ የመጨረሻውን አፈር ስናለብስ ፀሐይዋ ጫፏ ብቻ ነበር የቀረው።

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ወደ ድሬ ተመለስን። ያው ገመድ፣ ያው ፖሊስ። ቆጠረ። ደገመና ቆጠረ።

«ሰባት ሆናችሁ ወጥታችኋል። አንድ ሰው ጎድሏል!»

አጎቴ ፊቱን ወደ ሐርላ አዞረ።

«የት ቀረ?»

«ሐርላ» አልኩ።

«መቼ ይመለሳል?»

ፖሊሱ ፊቴን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ምንም ሳይጽፍ ደብተሩን አጥፎ ገመዱን አወረደ። ይሄን እንኳ ማሠልጠኛ ያስተማሩት አይመስለኝም።

በሦስቱ ቀን ሐዘን ቤታችን የመጣው ሁሉ «አይዞህ፣ ያለ ነው» አለኝ። ያለ ነው! የሌለውን አይቶ፣ መኪና አስቁሞ «አንድ ሰው ጎድሏል» ያለልኝ ያ ፖሊስ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሥልጠና አነሰው አትበሉኝ... መቁጠር በደንብ አስተምረውታል።