የአምባዛው ማሰሮ

በዚህ ዓለም ሁለት ዓይነት ፍጡር አለ፤ ከላይ የሚንሳፈፍና ከታች የሚኖር። ከላይ የሚንሳፈፈው ይታያል፣ ይደነቃል፣ ይጨበጨብለታል፣ በመጨረሻም ከሁሉ ቀድሞ ይያዛል። ከታች የሚኖረው ግን መጀመሪያ የሚፈልገው ምግብ አይደለም፤ መደበቂያ ነው። ይህን የነገረኝ መምህር የለም። በደርግ ዘመን ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ መኪና ስነዳ ኖሬ፣ በኋላም አንድ አምባዛ አሳድጌ በራሴ የደረስኩበት ነው። ያን ጊዜ በሁለቱ ከተሞች መካከል መደበቂያ ያልነበረው ነገር ቢኖር የሐረጎ ቁልቁለት መንገድ ብቻ ነው። ሰዉ ስኳሩን ይደብቃል፣ ሐሳቡን ይደብቃል፣ የደረሰ ልጁን ይደብቃል። ታዲያ እኔ ሰይድ ለዓሣ መደበቂያ ብሠራ ምን ይገርማል? እነሱ ግን ገረማቸው።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ደሴ የሚኖር አንድ ምሥራቅ ጀርመናዊ ባለሙያ ነበር፤ ሾፌሩ እኔ ነኝ። ሰውየው ወደ ሀገሩ ሲመለስ አንዱ ሬዲዮውን ወሰደ፣ ሌላው ብርድ ልብሱን ወሰደ፣ ለእኔ የደረሰኝ ባዶ የመስታወት ሳጥን ሆነ። እሱ አኳሪየም ይለዋል። ዓሦቹን አስቀድሞ ለሀገሩ ልጅ ሰጥቷቸው ነበር። ሳጥኑን በጆንያ ጠቅልዬ ኮምቦልቻ ወዳለው ቤቴ ሐረጎን ስወርድ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ ነድቼ አላውቅም። ሚኒስትር የጫንኩ ነው የምመስለው። ከኋላዬ የነበረው የአውቶቡስ ሾፌር ጡሩምባውን እየነፋ የሰደበኝን ስድብ እዚህ አልደግመውም፤ እናቴ ግን ምንም አላደረገችውም ነበር።

ባዶ ሳጥን ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ደግሞ ያስንቃል። የመጣ ሁሉ ምን ልታስገባበት ነው ይለኛል። አንድ ቀን ቦርከና ወንዝ ዳር መኪና ሳጥብ፣ ጣቴን የሚያክል ጢማም አምባዛ ከውኃው ጋር ባልዲዬ ውስጥ ገባ። እኔ አልያዝኩትም፤ ራሱ ነው የመጣው። የመጣን እንግዳ ደግሞ በወሎ ማንም አይመልስም።

አምባዛ የወንዝ ወለል ነዋሪ ነው። ከጭቃና ከድንጋይ ሥር ሲሽሎከለክ ያደገ ፍጡር፣ አራቱም ግድግዳው መስታወት የሆነ ቤት ሲገባ ምን ይሰማዋል? ቀበሌ አዳራሽ ፊት ለግለ ሂስ የቆመ ሰው የሚሰማው ነዋ። አንድ ጥግ ተለጥፎ ገረጣ። የሰጠሁትን ትል አልነካም አለ። ሰው ወደ ክፍሉ በገባ ቁጥር ይደነብርና አፍንጫውን ከመስታወቱ ጋር ያላትማል። ጎረቤቱ ደግሞ መቼ ያርፋል? ሰይድ ዓሣ አስቀመጠ አሉ እያለ ይመጣል፣ ጎንበስ ይላል፣ በጣቱ ያንኳኳል። ሊሞትብኝ እንደሆነ ገባኝ። ወላሂ፣ ጢም ያለው ዓሣ እንዲህ አንጀቴን ይበላኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

መደበቂያ መሥራት ከሩቅ ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ የሳልሳ ቆርቆሮ ከተትኩለት። ቆርቆሮው ዝጎ ውኃውን ሻይ አስመሰለው፤ ጠርዙም የአምባዛውን ጎን ጫረው። እሱን አውጥቼ ከቦርከና ባመጣሁት ድንጋይ አሸዋው ላይ ዋሻ ካብኩ። ለካ አምባዛ ይቆፍራል። አሸዋውን ከሥር ሲምሰው ዋሻው ተንዶ ለጥቂት ሳይጨፈልቀው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ አስቀድሞ ከመስታወቱ ወለል ላይ እንደሚያርፍ፣ አሸዋ በኋላ ዙሪያውን እንደሚፈስ አውቄአለሁ። የምትፈልጉ ካላችሁ ምክሬ በነፃ ነው።

ጎረቤቴ ሼህ ሙሄ ዕድሜ የጠገቡ አዛውንት ናቸው። ከስግደት መልስ ገብተው ሳጥኑን አይተው ሲያበቁ፣ “ልጄ ሰይድ፣ አላህ ለፍጡር ሁሉ ከለላ ሰጥቶታል። አንተ ከለላውን ነጥቀህ ትል ትሰጠዋለህ?” አሉኝ።  ቤታቸው ሄደው ለውዱእ መታጠቢያ ውኃ ይይዙባት የነበረች፣ አንገቷ የተሸረፈ የሸክላ ማሰሮ ይዘው መጡ። ተቀብያቸው በጎኗ ላስተኛት ስል ደግሞ አገላብጠው አይተው፣ “መውጫውስ በየት ነው? መግቢያ ብቻ ያለው ቤት ወጥመድ ነው” አሉ። እውነት አላቸው። ከወዲያኛው ጎኗ በሞረድ ሌላ በር አወጣሁላት፣ ሸካራ ጠርዟን በአሸዋ አሽቼ አለሰለስኩ፣ ግማሽ ጎኗን ቀበርኩ፣ አፏን ሰው ከሚገባበት ወደ ጎን አዞርኩት።

አምባዛው ዞሮ ዞሮ ገባ። ጢሙ ብቻ ውጭ ቀረ። በዚያው ዕለት ትሉን በላ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ፣ ድልድይ ሠርቶ ያስመረቀ መሐንዲስ እንደዚያ አይኮራም። ሰው አየኝ ብሎ ሲፈራ የነበረ ፍጡር፣ መደበቂያ እንዳለው ሲያውቅ ተዝናና። ጎበዝ፣ መደበቂያ ያለው ሁሉ አይደበቅም፤ መደበቂያ ያጣው ነው ሲንቀጠቀጥ የሚውለው።

አምባዛው አድጎ ክንዴን አከለ። ኮምቦልቻ ሁሉ ያወቀው፣ ከጢሙ በቀር ማንም በወጉ ያላየው ዓሣ ሆነ። ዝናው ነው በኋላ ያስጠቃው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አበራ ይባላል። ከሌላ አውራጃ የመጣ ነው፤ የትና ማን ቤት እንዳደገ የሚያውቅ የለም። በየስብሰባው ሃይማኖት ያለፈው ሥርዓት ዝገት ነው እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል። አንድ ቀን ይህ ሰው ጭንቅ ያዘው። ከደሴ ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው፤ ግማሾቹ እስላም፣ ግማሾቹ ክርስቲያን። በእጁ ያለው በግ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

የወሎን ነገር ለማያውቅ ልንገረው። አብረን እንኖራለን፣ እንጋባለን፣ አብረን እንቀብራለን፤ የአንዳችንን እርድ ግን ሌላችን አንበላም። ስለዚህ ደግ ቤት ሁለት ያርዳል። በጉን እስላም ቢያርደው ክርስቲያኑ ገምጋሚ ሽሮ ሊበላ ነው፤ ክርስቲያን ቢያርደው እስላሙ። ሽሮ የበላ ገምጋሚ ደግሞ ምን ብሎ እንደሚገመግም ይታወቃል። ሃይማኖት የለም የሚለው ጓድ አበራ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ታዲያ አሰበ፣ አሰበና ዓሣ አራጅ እንደማይጠይቅ ትዝ አለው። ሐይቅ ልኮ እንዳያስመጣ እንግዶቹ በነጋታው ናቸው። የሰይድ ዓሣስ? ወዲያው መልእክት ደረሰኝ፤ ዓሣህ ለአብዮታዊ ግዳጅ ይፈለጋልና አዘጋጅተህ ጠብቅ የሚል።

የእኔ አምባዛ እንኳን ለግዳጅ ለመታየትም ፈቃደኛ አይደለም። እምቢ ማለት ደግሞ በዚያ ዘመን ለሰውም አልተፈቀደም። ሞተ እላለሁ ብዬ ሼህ ሙሄን ባማክራቸው፣ “አትዋሽ። ዝም በል፣ ዝም አይነቅዝም” አሉኝ። ስለዚህ በሙያዬ ተማመንኩ። ማሰሮዋን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከበብኳት፣ ላይዋን ሸፈንኩ፣ አሸዋውን አማስዬ ውኃውን አደፈረስኩት። ስጨርስ እንኳን ሊቀመንበር የወለደችው እናቱም አታገኘውም። በሥራዬ ኮርቼ ቁጭ አልኩ።

አንድ ነገር ግን ከእጄ ውጭ ነበር። አምባዛ እንደ ሌላው ዓሣ ውኃ ብቻ አይበቃውም፤ ቆየት እያለ ወደ ላይ ብቅ ይልና አየር ጎርሶ ይመለሳል። የትኛውም ማሰሮ ከዚህ አያድነውም። ጓድ አበራ ቶሎ ከሄደ ተርፈናል፤ ከቆየ ግን አልቆልናል።

ከአንድ አብዮት ጠባቂ ጋር መጣ። ጠባቂው ሳፋና ቢላዋ ይዟል። ጓድ አበራ ሳጥኑን ቢያይ ድፍርስ ውኃና ድንጋይ ነው። ዓሣው የት አለ አለኝ። ውኃ ውስጥ ነዋ ጓድ፣ አልኩት፤ አልዋሸሁም። ወንበር ስቦ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እኔ ሳጥኑን ከልዬ ቆሜ እንደዚያ ቀን ተናግሬ አላውቅም። ስለ መለዋወጫ እጥረት አወራሁ፣ ወደ ደጋን ስለሚወስደው መንገድ አወራሁ፣ ኢምፔሪያሊዝምን ሳይቀር ረገምኩ። ጓድ አበራ መጀመሪያ አደነቀኝ፣ ቀጥሎ ተሰላቸ፣ ለመሄድ ሊነሣም ሲል፣ ከኋላዬ ውኃው ቧ አለ።

ጠባቂው በቢላዋው ጠቆመ። ዞር ብል አምባዛዬ ከነሙሉ ቁመቱ ወጥቷል። ጥቁር ራቁት ገላው እያንጸባረቀ፣ ጢሙን ዘርግቶ፣ አየሩን ጎርሶ፣ ተገልብጦ ነጭ ሆዱን አሳይቶ ተመለሰ።  ያረቢ፣ በቃ፣ አልኩ በሆዴ። ከማሰሮዋ አውጥተው ሳፋ ላይ ሲያጋድሙት ታየኝ፤ ዕንባዬ መጣ።

ጓድ አበራ ግን ወደ ሳጥኑ አልቀረበም። ወደ ኋላ ሸሸ። ፊቱ አመድ መሰለ። “ቅርፊት የለውም” አለ። “ቅርፊት የሌለው አይበላም፤ ውጉዝ ነው።” ይህን ሲል እጁ ከግንባሩ ወደ ደረቱ፣ ከትከሻ ወደ ትከሻ ሄደ። ድምፁ ደግሞ የስብሰባ ድምፅ አልነበረም፤ ዜማ ነበረው። ቤተ ክርስቲያን ጎረቤት ያደገ እስላም የቅዳሴ ቤት ልጅ ድምፅ አይጠፋውም። ሊቀመንበራችን ዲያቆን ኖሯል።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይሉታል ይሄ ነው። እኔ በበኩሌ ክርስቲያን ቅርፊት እንደሚመለከት ከየት ልወቅ? ለእኛ ዓሣ ሁሉ ሐላል ነው፣ ቅርፊት ኖረው አልኖረው። ባውቅማ ያን ሁሉ ድንጋይ ስከምር ከምውል፣ አምባዛውን ገና ከጅምሩ ራቁቱን ለከተማው ሁሉ ባሳየሁት ነበር።

 ጓድ አበራ የገዛ እጁን ያያል። ጠባቂው ጣሪያ ያያል። በዚያ ዘመን ለአንድ ሊቀመንበር ማማተብ ወንበሩን ብቻ ሳይሆን ራሱንም የሚያሳጣ ነገር ነበር። ሰውየው መስታወት ውስጥ የገባ አምባዛ ሆነብኝ፤ አፍንጫውን የሚያላትምበት ጥግ ይፈልጋል። ሊበላብኝ የመጣ ሰው ነው፣ ግን አንጀቴ አልቻለም። ሙያውም ቢሆን አለኝ፤ ወዲያው መደበቂያ ሠራሁለት።

“ይህ የኮምቦልቻ ዝንብ መቼም አስቸገረን ጓድ” አልኩት፤ እኔም እጄን ከግንባሬ ወደ ደረቴ እያወናጨፍኩ። ጠባቂው ብልህ ነበር። “ኧረ በጣም” ብሎ በሌለ ዝንብ ላይ ሳፋውን አራገበ። ጓድ አበራ ትንፋሹ መለስ አለለት። ጉሮሮውን ጠርጎ ውጉዝ ያለው በሳይንስ በኩል መሆኑን፣ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ለሆድ እንደማይስማማ አስረዳን። ሳይንሱማ የታወቀ ነው አልኩት። አንዱ በር ዝንብ፣ ሌላው በር ሳይንስ፤ ሼህ ሙሄ እንዳስተማሩኝ መውጫ ያለው ቤት ማለት ነው። በነጋታው ገምጋሚዎቹ እስላምም ክርስቲያንም እኩል ሽሮ በሉ። እኩልነት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀበሌያችን ገባ፤ በጉም ተረፈ።

ስለዚያ ቀን ከሦስታችን አንዳችን ትንፍሽ አላልንም። ጓድ አበራ ግን አንድ ቅዳሜ ከሐርቡ ገበያ ሲመለስ፣ ሰፋ ያለች አዲስ ማሰሮ በጋዜጣ ጠቅልሎ በሬ ላይ አስቀመጠልኝ። ሁለተኛውን በር ራሱ አውጥቶላታል፣ ጠርዙንም አለስልሶታል። አምባዛው በዚያው ዕለት ተዛወረ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ትልቅ ስብሰባ ጓድ አበራ ስለ ስውር ጠላት ተናገረ። ጠላት የትም ቢደበቅ፣ የቱንም ያህል ጥልቅ ጉድጓድ ቢገባ፣ ለመተንፈስ ብቅ ማለቱ አይቀርም ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከሁሉ አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ያለ እውነት በዚያ አዳራሽ ተነግሮ አያውቅም። ስንወጣ በሰዉ መሐል ቀስ ብሎ ጠጋ አለኝና፣ “ማሰሮዋ አልጠበበችውም?” አለኝ።

“አብሽር ጓድ” አልኩት፤ “ለሁለት ትበቃለች።”