ከሰኞ የማያልፉት ሯጭ

በየከተማው ጫማ ገዝቶ ሰኞን የሚጠብቅ አንድ ሯጭ አይጠፋም። የእኛ ከተማ የገንዳ ውሃው ሯጭ ክቡር አቶ ስንሻው ናቸው፤ የወረዳው መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የእኔ ደግሞ የአጥር ጎረቤት። ሆዳቸው ቀድሟቸው ቢሮ ይገባል።

ሲስተር ምስራቅ የደም ግፊታቸውን ለክታ፣ «ጋሼ፣ ብሌንን መዳር ከፈለጉ ይሩጡ» አለቻቸው። ብሌን አንድ ልጃቸው ናት። ደነገጡ። ያን ዕለት ከመተማ ዮሐንስ ጫማ አስመጡና፣ «ከሰኞ አያልፍም!» አሉ።

አለፈ። ክረምት ነበርና ዋልካው ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ «ጭቃው ይድረቅ» አሉ። ደረቀ፤ «ፀሐዩ አናት ይበሳል» አሉ። ማለዳ ሲወጡ ደግሞ ያገሩ ባጃጅ ሁሉ ይቆምላቸዋል። «ጋሼ ይግቡ እንጂ! ምን ያስሮጥዎታል?» የሰው ግብዣ መግፋት ነውር ነው ብለው ይገባሉ። ስፖርታቸውን በባጃጅ ሠርተው፣ ላባቸውን ጠርገው ይመለሳሉ።

ሰሊጥ የደረሰ ሰሞን ግን ጉድ መጣ። አንድ ሰኞ ባጃጅ ሳይነሳ ወጡና ሮጡ። አደባባዩ ላይ ከደጋ ለአጨዳ የወረዱ የቀን ሠራተኞች የባለሀብት መኪና ይጠብቃሉ። መኪና ሲመጣ የሚሳፈረው ቀድሞ የደረሰ ነው። አንዱ ጎጃሜ አቶ ስንሻውን አየና፣ «ኧረ ሰውዬው መኪና አይቷል!» ብሎ ማጭዱን አንስቶ ተከተላቸው። የቀረውም ግር ብሎ ተነሣ።

ዞር ቢሉ ሃምሳ ማጭድ! በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰበብ አጡ። እስከ ድልድዩ ሳይቆሙ በረሩና ተዘረሩ።

«መኪናው የታል ጋሼ?»

«የምን መኪና? ግፊት አለብኝ እኮ!»

ሳቁ ድልድዩን አናወጠው። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ጎጃሜው በራቸውን እያንኳኳ፣ «ጋሼ፣ መኪናው መጥቷል!» ይላቸው ጀመር። አቶ ስንሻው ቀበቷቸውን ሁለት ቀዳዳ አጠበቁ። ሲስተር ምስራቅም ለክታ ፈገግ አለች።

ኅዳር ገባ፤ ሰሊጡ ተሰበሰበ፤ ሠራተኞቹም ወደየአገራቸው ወጡ። ማለዳ የሚያንኳኳ ጠፋ። በአጥሩ በኩል ያችን ነገር ሰማኋት፦ «ከሰኞ አያልፍም።»

እኔ መሮጥ አልወድም። ግን እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ፤ የብሌንንም ሠርግ እሳቸው ሲጨፍሩበት ማየት እፈልጋለሁ። ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ማጭድ ተውሼ በራቸውን መታሁ።

«ጋሼ፣ መኪናው መጥቷል!»

በሩ ወዲያው ተከፈተ። ጫማቸውን አስረው፣ ከበሩ ሥር ቆመው ሲጠብቁ ነበር።