የአቶ አትንኩት ግቢ

ያለ አንድ አትንኩት ሰፈር ሰፈር አይሆንም። ሁሉም አጥሩን ሲከረክም እሳቸው ያሳድጋሉ፤ ሁሉም ግቢውን ሲሚንቶ ሲያለብስ እሳቸው ሲሚንቶውን በዲጂኖ ፈንቅለው አፈሩን «በል ተንፍስ» ይሉታል።

የዚህኛው ሰፈር ባለማዕረግ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን በሰው መሬት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሲያሰምሩ ኖረው፣ የራሳቸው ግቢ ላይ ሲደርሱ መስመር የሚባል ነገር አስጠላቸው። ከቤቱ ፊት ያለችውን ቁራሽ መሬት «እንደ ጥንቷ ትሁን» ብለው ለቀቋት። ሣሩ ወገብ፣ ቁጥቋጦው መስኮት ደረሰ። እጁን ለሰነዘረ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «አትንኩት፣ የሚያደርገውን ያውቃል።»

ስሙን ያወጣችላቸው አጥር የምትጋራቸው ልብስ ሰፊ ናት። አይፈረድባትም። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የክቡርነታቸው ዘር አጥር ዘሎ እሷ ዘንድ ይገባል፤ ሙሽራ በር ላይ ቆማ እያለቀሰች፣ ልብስ ሰፊዋ ቬሎ ላይ የተለጠፈ የሣር ዘር ስትለቅም የዋለችበት ቀን አለ። ልትቆጣ ስትሄድ ደግሞ እሳቸው ለቁጣ አይመቹም። «ነይማ አንዴ» ብለው አንድ ቅጠል ሥር ያስጎነብሷትና የጉንዳኑን የትውልድ ሐረግ ይቆጥሩላታል። የመጣችበትን ነገር ረስታ ትመለሳለች፤ ንዴቱ ትዝ የሚላት ቤቷ ከገባች በኋላ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ሰውም ሊከስ መጥቶ ስለ ጢንዚዛ ተምሮ ሄዷል።

ከዚያ ክቡርነታቸው ታመው ሆስፒታል ተኙ። ሰፈሩ ክፉ አይደለም፤ መክሮ ዘክሮ፣ ሽማግሌው ከቀዶ ጥገና ሲመለሱ ደስ እንዲላቸው ግቢውን ሊያጸዳላቸው ተነሣ። አንዱ መጥረቢያ፣ አንዱ ዶማ ይዞ መጣ። ልብስ ሰፊዋም መጥረጊያ ይዛ ወጣች። ቁጥቋጦው ሲወድቅ አንዲት ወፍ ከላይ እየዞረች ጮኸች፤ ሰዉ ሥራ ላይ ስለነበረ ዝም አላት። ሲመሽ ግቢው እንደ መዳፍ ተስተካክሎ ጠጠር ለበሰ።

እህታቸው ደግፋቸው ከታክሲ ሲወርዱ ሰፈርተኛው በሩ ላይ ተሰልፎ ምርቃት ይጠብቅ ነበር። ቀያሹ ጠጠሩን አዩት። «ደከማችሁ፤ ለእኔ ብላችሁ ነው» አሉና እየዞሩ ሁሉንም ጨበጡ። ገብተው መስኮቱን ዘጉ፤ መስኮቱም እንደተዘጋ ሰነበተ። እህታቸው ለልብስ ሰፊዋ፣ ሐኪሙ ቁስሉ ጠግጓል ቢልም እሳቸው ግን እህል ወደ አፋቸው እንደማያስጠጉ ነገረቻት።

ልብስ ሰፊዋ ስፌቱ እጇ ላይ ከበደባት። ነፋሱ ባዶውን ይመጣል፤ ቬሎው ንጹሕ ነው፤ የምትቆጣው ሰው የለም። አንድ ጠዋት ከውሃ ታንከሯ ኋላ ዞረች። ለዓመታት አጥር ሲዘል የኖረው ሁሉ፣ እጇ ያልደረሰበት ያ ጥግ ላይ ተሰብስቦ በቅሏል፤ ሣሩም፣ ቁጥቋጦውም፣ ጉንዳኑም። ከነሥሩ ቆፍራ አንድ ሳፋ ሙሉ ይዛ በራቸውን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ልጆችዎን አምጥቻለሁ። እኔ ዘንድ ተጠግተው ነበር።»

ሽማግሌው ሥሩን በጣታቸው ዳሰሱ። የቀረ እንዳለ ጠየቋት፤ ጥጉን ሞልቶታል አለቻቸው። በነጠላ ጫማ ወጥተው፣ አጥሩን ተደግፈው፣ ከታንከሩ ኋላ ያለውን ሲያዩ ቆዩ።

«መልሺው፣ ልጄ» አሉ። «ደህና ሰው ዘንድ አድጓል። የእኔ አፈር እስኪያገግም እዚያው ይክረም።»

ከዚያ ወዲህ ክቡርነታቸው ጠዋት ጠዋት እያንኳኩ ሥራ ያስፈቷታል። «ጋሼ፣ ዛሬስ ጊዜ የለኝም፤ ደንበኛ ቀጥሬያለሁ» ትላለች በሩን እየከፈተች። ከታንከሩ ኋላ ግን ትራስ የተደረገበት ወንበር ቀድሞ ወጥቶ ይጠብቃቸዋል።