በብስክሌት ያልተሻገርሁት ዓባይ

ሰው አገርዎን አንዴ ከጠየቀ በኋላ ስለ እርስዎ ሌላ ነገር መጠየቅ ይተዋል፤ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። የዱርቤቴ ሰው ነኝ ካሉ በሬ ሲገዛ ያማክርዎታል። ከጣና ደሴቶች ነኝ ካሉ ዋና ይችላሉ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ ካሉማ አለቀ፤ ብስክሌት ይነዳሉ። እንደኔ ዓይነ አፋር ከሆኑ ደግሞ ማስተባበሉ ይከብድዎታል። ፈገግ ብለው ዝም ይላሉ፤ ዝምታው እያደር ትዳርዎ ድረስ ይከተልዎታል።

እነሆ ምስጢሬ፦ ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ፣ ብስክሌት እንዴት ሚዛኑን እንደሚጠብቅ ሰሌዳ ላይ እየሣልሁ ፊዚክስ የማስተምር ሴት፣ ብስክሌት መንዳት አልችልም ነበር። በልጅነቴ ታላቅ ወንድሜ ከኋላ መጫኛው ላይ በጎን አስቀምጦ ትምህርት ቤት ያደርሰኛል። ልማር ባልሁ ቁጥር መንገዱ ሰው ይሞላበታል። ስወድቅ የሚያየኝ ሰው የሌለበት የባሕር ዳር መንገድ የት አለ?

ኑሯችን አዲስ አበባ ነው። ባለቤቴ መስፍን ግን የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ድሬዎችም በብስክሌት አይታሙም። ገና ስንተጫጭ ለዘመዶቹ «ብስክሌት ላይ የተወለደች» ብሎ አስተዋወቀኝ። ምን ልበል? አቀረቀርሁ። እነሱም ጨዋነት መሰላቸው።

ለፋሲካ ዕረፍት ከታላቅ እህቱ ከእትዬ ዘውዴ ጋር ባሕር ዳር ሄድን። በማግስቱ ጠዋት መስፍን ከሐይቁ ዳር ሦስት ብስክሌት ተከራይቶ መጣ። ዓባይን ተሻግረን እስከ ቤዛዊት ኮረብታ ልንነዳ፣ ከዚያ በእግር ልንወጣ ነው። እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ተፈናጠጡና፣ አቦ የባሕር ዳሯ ቅደሚ፣ ድሬ ይከተልሻል አሉኝ።

እኔ መሪውን ጨብጬ ቆምሁ። ጣና ዳር የሚታይ እንጂ የሚሮጥበት አይደለም፣ ቀስ ብለን እየገፋን እንሂድ አልሁ። እሺ አሉኝ። የሐይቁ ዳር አለቀ፤ ሰበቤም አለቀ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ መስፍን በቃ አሁን እንንዳ አለ። ያን ጊዜ ነው አፌ እኔን ሳያማክር፣ ይህ እኮ ግዮን ነው፣ ከገነት የሚወጣ ወንዝ በብስክሌት አይታለፍም ያለው። ወንዙ ግዮን መባሉ እውነት ነው። እኔ የጨመርሁት የመጨረሻዋን ብቻ ነው።

እትዬ ዘውዴ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናቸው። ደንግጠው ወረዱ፤ በመውረድም አላበቁ፣ ጫማቸውን አወለቁ። መስፍንም እህቱን አይቶ አወለቀ። እኔስ ምን ምርጫ አለኝ? በዚያ የሚያዝያ ፀሐይ በባዶ እግራችን ብስክሌት እየገፋን ዓባይን ተሻገርን። ባጃጁ ሁሉ ፍጥነቱን እየቀነሰ ያየናል። አንድ ሽማግሌ ብስክሌታቸውን አቁመው፣ ልጆቼ፣ የሁላችሁም ጎማ አንድ ላይ ነው የፈነዳው? አሉን። እትዬ ዘውዴም፣ አባቴ፣ እርስዎ የአገሩ ሰው ሆነው ግዮንን ተቀምጠው ያልፋሉ? ብለው ገሠጿቸው። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን የተሻገሩትን ወንዝ አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩ። እኔ ወደ ውሃው ዞርሁ። ይቅርታ ጠይቀው ወረዱ።

ከድልድዩ ወዲያ ጫማችንን እንዳጠለቅን፣ ቅደሙ፣ እደርስባችኋለሁ አልኋቸው። ከዓይን ሲሰወሩ ብስክሌቴን እየገፋሁ ሮጥሁ። ኮረብታው ሥር ላብ በላብ ሆኜ ስደርስ እትዬ ዘውዴ ለወንድማቸው፣ እንዲህ ላብ እስኪያጠምቃት የነዳች ሴት አላየሁም አሉት። መስፍን ኮራ። ልቤን የወጋኝ ያ ኩራቱ ነው።

ብስክሌቶቹን ለጥበቃው አደራ ሰጥተን ዳገቱን ስንጀምር ሁለቱንም ቀደምኋቸው፤ እግር ነዋ! ከላይ ሆነን ዓባይ ከጣና ሲወጣ አየን። እኔ ግን የመመለሻው መንገድ ነው የታየኝ። ሌላ የገነት ወንዝ ከየት ላምጣ? ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ሁሉንም ተናገርሁ።

መስፍን፣ ሌላስ ምን ደብቀሽኛል? ሊለኝ ነው ብዬ ስጠብቅ እትዬ ዘውዴ ቀደሙት፦ «የግዮኑስ?» ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ። «አቦ! ያ ሁሉ የአስፋልት እሳት በከንቱ ነዋ!» መስፍን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ እጄን ይዞ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ብቻሽን ስትጨነቂ ኖርሽ? አለኝ። ለወቀሳ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀሁም። አለቀስሁ።

እትዬ ዘውዴ ለቅሶውን አልፈቀዱም። ተነሺ፣ አንቺን ሳላስነዳ ድሬ አልገባም አሉ። ታች ሜዳው ላይ መስፍን ኮርቻውን ይዞ፣ እሳቸው አጠገቤ እየሮጡ፣ ጎማውን አትዪው፣ የትም አይሄድብሽም፣ ፊት ፊትሽን! ይሉኛል። ወደቅሁ፤ ሰው አየኝ፤ አልሞትሁም። ደግሞ ወደቅሁ። በመጨረሻ መስፍን መልቀቁን ሳላውቅ ብቻዬን ስሄድ እትዬ ዘውዴ እልልታቸውን አቀለጡት። በሠርጌም ዕለት እንዲያ አላሉም። እግዜር ይስጣቸው፤ የተወለድሁበትን ከተማ እንደገና ሰጡኝ።

አሁን ዕረፍት በመጣ ቁጥር ጣና ዳር እነዳለሁ። የሚቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ አንድ እጄን ከመሪው ካነሣሁ፣ ወይም ዓይኔን ወደ ጎን ከመለስሁ እወድቃለሁ። ሰላም የሚለኝ ሰው ደግሞ ብዙ ነው። በቀደም የእናቴ ጎረቤት ምን እንዳለቻት ያውቃሉ? «ልጅሽ ብስክሌት ከያዘች ወዲህ ኮርታለች፤ ብጠራት ብጠራት ዞራም አታየኝ!»