ከዕቅድ ቀድሞ የመጣ ወንዝ

ዕቅድ ያለው ትምህርት ቤት የታደለ ነው። ይህኛው ደግሞ ዕቅዱን መስታወት አልብሶ ዳይሬክተሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። በዕቅዱ መሠረት ሰባተኛ ክፍል በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት መሠረታዊ ፊዚክስ ይከልሳል፤ ወንዝ መሬትን እንዴት እንደሚሸረሽር የሚማረው በሁለተኛው ነው። ይህን አሠራር ያላከበረ አንድ አካል ብቻ ነበር፤ እሱም ከሳይንስ ክፍሉ ጀርባ የሚያልፈው ወንዝ።

የሳይንስ መምህሩ ጉዱን ያወቀው በችካል ነው። ከወንዙ ዳር እስከ ክፍሉ ግድግዳ፣ በየሜትሩ አንድ፣ ከተማሪዎቹ ጋር ስምንት ችካል ተክሎ ነበር። ዝናቡ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ብቻ ቀሩ። መምህሩ ክው አለ። በዚያ ክፍል ውስጥ በየቀኑ አርባ ሁለት ልጆች ይቀመጣሉ። በሩጫ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄደ።

«ጋሼ፣ ወንዙ ክፍሉ ሥር ሊደርስ ነው። ልጆቹን ዛሬውኑ እናውጣ።»

ዳይሬክተሩ ሳያነቡ የማይናገሩ ሰው ናቸውና የመማሪያ መጽሐፉን ገለጡ። «መሸርሸር በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጃል ይላል። ዝናቡ ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሁለት ሳምንት።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለህ? ለመሆኑ አሁን ምን እያስተማርክ ነው?»

«ፊዚክስ እየከለስን ነው። የቆመ ነገር ውጫዊ ኃይል ካልገፋው እንደቆመ ይቀራል...»

«ሕንጻው ቆሟል?»

«ቆሟል። ግን ወንዙ እኮ ውጫዊ ኃይል ነው ጋሼ!»

«ውጫዊ የሆነ ሁሉ እዚህ ግቢ የሚገባው በር ላይ ተፈትሾ፣ ተመዝግቦ ነው» አሉ ዳይሬክተሩ ረጋ ብለው።

ወዲያው ዘበኛው ተጠራ። መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አገላብጦ፣ ወንዝ የሚባል እንግዳ እንዳልገባ በፊርማው አረጋገጠ። ሳይንስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይጠይቅም።

ያም ሆኖ ዳይሬክተሩ ነገር አያንጠለጥሉምና ኮሚቴ ሰበሰቡ። ኮሚቴውም ወንዙ እስከ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት በትዕግሥት እንዲጠብቅ የሚያሳስብ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጽፎ የመጨረሻው ችካል ላይ ለጠፈ። ሰኞ ዕለት ወንዙ ደብዳቤውን ከነችካሉ ወሰደ።

«ተቀብሎናል ማለት ነው» አሉ ዳይሬክተሩ ደስ ብሏቸው።

ማክሰኞ ጠዋት መምህሩ ትዕግሥቱ አለቀ። ማንንም ሳያስፈቅድ ልጆቹን ነድቶ ከሜዳው ማዶ ዛፍ ሥር አስቀመጣቸው። ሁለት ጥያቄ እንኳ ከልሰው ሳይጨርሱ ክፍሉ ጓ ብሎ ወንዙ ውስጥ ገባ። ዳይሬክተሩ እጃቸውን ሊታጠቡ ወጣ ባሉበት፣ አጠገቡ ያለው ቢሯቸውም ዕቅዱን እንደታቀፈ ተከተለው። መምህሩ ልጆቹን ቆጠረ፤ አርባ ሁለት። አላመነም፤ ደግሞ ቆጠረና እንባው መጣ።

በዚያው ሳምንት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። ጥፋቱ ተማሪዎችን ያለፈቃድ ከክፍል ማስወጣትና የሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት ምዕራፍ ያለወቅቱ በተግባር ማስተማር ነው።

ምዕራፉም በወጉ ጊዜው ደረሰ፤ ፈተናውም መጣ። ጥያቄ አንድ፦ ወንዝ ዳርቻውን ለመሸርሸር ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል? አርባ ሁለቱም ልጆች «ሦስት ሳምንት» ብለው መለሱ። ወንበራቸው ከሄደ ቆይቷልና ዳይሬክተሩ ዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ «በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት» ከሚለው የመልስ ወረቀት ጋር እያስተያዩ አርባ ሁለት ጊዜ ኤክስ አደረጉ።

«እይ እስቲ!» አሉ መምህሩን በቁጣ። «ሁሉም አንድ ዓይነት ስህተት! ኮርጀዋል!»

«አዎ ጋሼ» አለ መምህሩ። «ከወንዙ ነው።»