ፈርሶ የቆመው ድልድይ

እንጨት ሁሉ መንግሥትን ያከብራል። ምስጥ ሲመጣበት ይበላል፣ ዝናብ ሲወርድበት ይበሰብሳል፣ እሳት ሲነካው ይነዳል፤ ከዚያም የጥገና በጀት ይጠየቅበታል። በጀት ካለ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ጽሕፈት ቤት ካለ እኔም የምጽፈው ንግግርና የምጠጣው ሻይ አላጣም። ለዚህ የተቀደሰ ሥርዓት አልገዛም ያለ አንድ እንጨት ብቻ ነው። እኛ ቦርንዮዎች ኡሊን እንለዋለን። ምስጥ ቀምሶት ጥርሱን ይዞ ይመለሳል። ውሃ ውስጥ በቆየ ቁጥር ይጠነክራል። ወንዝ ላይ ቢጥሉት ከክብደቱ የተነሣ ጭልጥ ብሎ ይሰምጣል። ሚስማር ቢመቱበት ሚስማሩ ይታጠፋል እንጂ እሱ ንቅንቅ አይልም። አያት ቤት ይሠራበታል፤ የልጅ ልጅ ያንኑ ምሰሶ ነቅሎ ሌላ ቦታ ያቆመዋል። እንዲህ ያለ ለበጀት ደንታ የሌለው ትዕቢተኛ እንጨት እስካሁን በአዋጅ አለመከልከሉ ይገርመኛል።

የከተማችን የመንገድና የድልድይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሐጂ ጁምራን ግን ልበ ሰፊ ሰው ስለሆኑ ኡሊንን ይወዱታል። ሠርግ ይሁን ስብሰባ፣ የመስጊድ ምርቃት ይሁን የጀልባ ውድድር፣ ተነሥተው ሲናገሩ መግቢያቸው አንድ ነው። የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። «ኡሊን ማለት» ይላሉ እጃቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው፣ «ውሃ የማያሸንፈው፣ እሳት የማይደፍረው፣ ምስጥ የማያፈርሰው፣ እንደ ሕዝባችን ጽኑ!» ይጨበጨባል።

የሚኖሩትም በኡሊን ቤት ነው፤ ወንዙ መታጠፊያ ላይ፣ በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ የቆመ፣ እንግዳ ሁሉ ዓይኑን የሚጥልበት ቤት። ጠዋት ጠዋት ምሰሶውን መታ መታ እያደረጉ «ቤቴ!» ይላሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሩስሚኒ ደግሞ ከማድ ቤት ሆነው «የአባቴ ቤት» ብለው ያርማሉ። እውነት ነው፤ የሠሩት የወይዘሮዋ አባት ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በክፍለ ሀገሩ ስብሰባ ላይ ነው። የየከተማው ኃላፊ እየተነሣ መከራውን ዘረዘረ። አንዱ ጎርፍ አለው፣ አንዱ የመሬት መንሸራተት አለው፣ አንዱማ ሁለቱንም ይዞ መጥቶ ተንሰቀሰቀ። በጀቱ የሚደለደለው በእንባው ልክ መሆኑ ግልጽ ነበር። የእኛ ተራ ሲደርስ ሐጂ መግቢያቸውን ከነእጃቸው አሰምተው ቀጥሎ የጻፍኩትን ተመለከቱ። «ድልድያችን በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» ይላል። አዳራሹን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ እኔን በጥላቻ አዩኝ።

«ድልድያችን…» አሉ፤ ድምፃቸው ተቆራረጠ፤ «ድልድያችን ወድቋል!»

እኔም ደነገጥኩ። ሲያለቅሱ ደግሞ ከልባቸው ነው፤ ለደቂቃ እኔ ራሴ ድልድዩ እውነት የወደቀ መስሎኝ ሆዴ ባባ። በጀቱ ወዲያው ተፈቀደ። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ መርማሪ መጥቶ የወደቀውን ድልድይ በዓይኑ እንዲያይ አቅጣጫ ተቀመጠ።

በሞተር ጀልባ ስንመለስ ድልድያችን ከሩቅ ብቅ አለ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ኡሊን ነው። የሐጂ አባት በልጅነታቸው ሮጠውበታል። ላዩ ላይ ሞተር ብስክሌት ይርመሰመሳል፤ አንድ ሠርገኛም ከበሮ እየመታ ይሻገር ነበር።

«ሐጂ፣ ቆሟል እኮ» አልኩ።

«አያለሁ» አሉ። «ለጊዜው ነው።»

«መርማሪው ቆሞ ካገኘውስ?»

«ከሥራ መባረር ብቻ መሰለህ? እስር ቤት ነው የምገባው፣ ወላሂ! በዚህ ዕድሜዬ!» አሉና ፊታቸው አመድ መሰለ።

ጽሕፈት ቤታችን ተግዳሮት ሲገጥመው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። በማግስቱ ጠዋት «ነባራዊውን ሁኔታ ከተደረገው ንግግር ጋር የማጣጣም ዐቢይ ኮሚቴ» ተቋቋመ። ሰብሳቢ ሐጂ ጁምራን፣ ጸሐፊ እኔ፣ የቴክኒክ ባለሙያ ደግሞ ኡቱህ። ኡቱህ ባለ ሞተር መጋዝ ነው። በአውራጃው ውስጥ መጋዙን የማያውቅ ዛፍ የለም እያለ ሲፎክር የሚውል ሰው ነው።

«ይቺን?» አለ ድልድዩን በእግሩ ነካ አድርጎ። «ሻይ ሳይቀዘቅዝ!»

መጋዙ አጓራ። ጭስ ወጣ። ምሰሶው ላይ ድመት የቧጨረችው የሚመስል ጭረት ታየ፤ ከመጋዙ ሰንሰለት ግን ጥርስ የሚባል ነገር አልተረፈም። ሌላ ሰንሰለት አመጣ፤ እሱም እንዲሁ ሆነ። ድልድዩ ሥር ዓሣ እየጠበሰች የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች፤ ከተማው በሙሉ አቺል ኢዳህ ይላታል፤ አቺል አክስት ማለት ነው፤ አክስትነቷም ማንንም ለመስደብ ሙሉ ሥልጣን ሰጥቷታል።

«ኡቱህ!» አለች። «እየቆረጥከው ነው ወይስ እያከክክለት?»

«ዝም በይ አንቺ ሴትዮ! የመንግሥት ሥራ ላይ ነን!»

«እሱማ ያስታውቃል፣ ምንም የለወጣችሁት ነገር የለም።»

ከዚያ በኋላ በእሳት ሞከርን። ኮሚቴው ጋዝ አርከፍክፎ ለኮሰ። ጋዙ ነድዶ አለቀ፤ ኡሊኑ በመጠኑ ጠቆረ። አቺል ኢዳህ ነበልባሉ እንዳይባክን ብላ ዓሣዋን ወደዚያው አዛወረች፤ ቆንጆ ሆኖ ነው የተጠበሰ፤ ቀምሼዋለሁ። ቀጥለን ምሰሶውን በገመድ አስረን በጭነት ጀልባ አስጎተትነው። የጀልባዋ ኋላ ተገንጥሎ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ባለ ጀልባው የተናገረውን ለመጻፍ ይህ ቦታው አይደለም።

ሐጂ ድልድዩ ላይ ዘርፈጥ ብለው ተቀመጡ። «ያ ረቢ፣ ምን በደልኩህ!» ይላሉ፤ እያለቀሱ። ይህኛው ለቅሶ በጀት የማያስገኝ ለቅሶ ነበርና አንጀቴን በላው። ያኔ አንድ ታላቅ ሐሳብ መጣልኝ። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ አቺል ኢዳህ ግን ከእኔ ቀድማ ጮክ ብላ ተናግራው ነበር።

«አልፈርስ ካለ አዲስ ነው በሉታ! ወድቆ ነበር፣ ሠራነው በሉ!»

ሐጂ እንባቸውን ጠረጉ። «ከዚህ አኳያ» አሉ፣ «ሊታይ የሚችል ነገር ነው።»

ድልድዩን ነጭና ሰማያዊ ቀለም ቀባነው። የወንዝ ዳር አየር እርጥብ ነው፣ ኡሊን ደግሞ ቀለም ወደ ውስጡ የሚያስገባ ዓይነት አይደለም፤ መርማሪው ፓክ ሰትያዋን ሲመጡ ገና አልደረቀም። ፓክ አቶ ማለት ነው፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ሲናገሩ ይቅርታ የሚጠይቁ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ድልድዩ መሐል ደርሰው መደገፊያውን ያዙ። መዳፋቸው ሰማያዊ ሆነ።

«አልደረቀም» አሉ።

«አዲስ ስለሆነ ነው ጌታዬ!» አሉ ሐጂ። «የወደቀውን አንሥተን ይኸው አዲስ ሠራን።»

«በጀቱ ሳይለቀቅ?»

«በሕዝብ ተሳትፎ! በባለድርሻ አካላት ርብርብ!»

ባለድርሻ አካላት ዳርና ዳር ቆመን አጨበጨብን። አቺል ኢዳህ ጭስ ገባኝ እያለች በሳቅ ታለቅሳለች።

«የሚደነቅ ነው» አሉ ፓክ ሰትያዋን። «እንግዲያው በጀቱ አያስፈልጋችሁም።»

ሐጂ ዋጥ አደረጉ። እስር ቤት ከመግባት ይሻላል፤ በጀቱ ይቅር። ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ፤ ፈገግም አሉ። መርማሪው መዳፋቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ እንደ ዋዛ፣

«የወደቀው ድልድይ እንጨትስ የት አለ?» አሉ።

«እ? እሱማ… ወንዙ ወሰደው።»

«ኡሊን ይንሳፈፋል እንዴ?»

«ኧረ እንዴት ብሎ!» አለች አቺል ኢዳህ ሳትጠየቅ። «እንደ ድንጋይ ነው የሚሰምጠው!»

«እንግዲያው እዚሁ ሥር ነዋ። ጠላቂ ዋናተኞች እልካለሁ።»

«አይ፣ አይ፣ አውጥተነው ነበር… ኋላ ተቃጠለ።»

ፓክ ሰትያዋን የጠቆረውን ምሰሶ አዩ፤ ሐጂን አዩ። «በስብሰባው ላይ "እሳት የማይደፍረው" ያሉት እርስዎ አይደሉም? እኔ እኮ ንግግርዎን በጣም ወድጄው ነበር።»

ሐጂ «ምስጥ…» ሲሉ በኃይል ሳልኩባቸው። አፋቸውን ዘጉ። ሲከፍቱት ድምፃቸው እንደ መርማሪው ለስልሶ ነበር።

«አለ። በጥንቃቄ ተቀምጧል።»

«ጎሽ። የመንግሥት ንብረት ነው። ነገ ራሴ የጭነት ጀልባ ይዤ እመጣለሁ። አሮጌ ኡሊን ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም። የድልድይ ያህል እንጨት እጠብቃለሁ፤ ከጎደለ ግን የወሰደው ሰው ይጠየቃል።»

በከተማችን የድልድይ ያህል አሮጌ ኡሊን ያለበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ሁላችንም አንገታችንን ወደ ወንዙ መታጠፊያ አዞርን። ሐጂ ከሁላችንም ዘግይተው ነው የዞሩት።

ቤታቸው ድረስ ሸኘኋቸው። ወይዘሮ ሩስሚኒ ደጃፍ ላይ ሩዝ ይለቅማሉ።

«ሩስሚኒዬ…»

«ምነው? ልብስህ በሙሉ ቀለም ሆኗል።»

«ቤቱን… ለመንግሥት… እንዲያው ለጊዜው…»

«የማንን ቤት?»

ሐጂ መሬት መሬት እያዩ፣ በትዳር ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «የአባትሽን ቤት» አሉ።

ቤቱን ያፈረሰው ኡቱህ ነው። ለድልድዩ ሁለት የመጋዝ ሰንሰለት የጨረሰ ሰው እዚህ መዶሻ ብቻ በቃው። የድሮ ሰዎች ኡሊንን ሚስማር አይመቱበትም፤ በእንጨት ችንካር ነው የሚያያይዙት፤ ችንካሩን ላወለቀ ሰው ቤቱ ያለ ምንም ጣጣ ይፈታታል። የከሰዓቱ የአስር ሰላት ሳይደርስ ተጭኖ አለቀ። ፓክ ሰትያዋን ክምሩን ዞር ዞር ብለው አዩና አንድ ነገር ላይ ቆሙ።

«ድልድዩ መስኮት ነበረው?»

«ለነፋስ ነው ጌታዬ» አሉ ሐጂ።

«እህ» አሉ መርማሪው፤ መስኮቱም ተጫነ። ጀልባዋ ከክብደቱ የተነሣ ልትሰምጥ ምንም አልቀራትም። ወይዘሮ ሩስሚኒ ወንዙ ዳር ሣጥናቸው ላይ ተቀምጠው የእናታቸው ክፍል ወለል ሲርቅ እስከ መጨረሻው ተመለከቱ። አላለቀሱም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ፓክ ሰትያዋን በክፍለ ሀገሩ ከተማ አዲስ ቤት እየሠሩ ነው ይባላል፤ እንደሚወራው ከሆነ መቶ ዓመት ይኖራል።

መንግሥት ውለታ አይረሳም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያለ በጀት ድልድይ ለገነቡት ሐጂ ጁምራን የነሐስ ሰሌዳ ተላከላቸው። አሁን የሚኖሩት ከሩዝ ወፍጮው ጀርባ በኪራይ ክፍል ነው፤ ግድግዳው የተጠለፈ ቀርከሃ ስለሆነ ነሐስ አይሸከምም። ስለዚህ ሰሌዳው ድልድዩ ላይ እንዲሰቀል ተወሰነ። ሕዝብ ተሰበሰበ። እኔ ሰሌዳውን ያዝኩ፣ ሐጂ ሚስማሩን መቱ። ሚስማሩ ታጠፈ። ሌላ መቱ፤ ታጠፈ።

«ኧረ መጀመሪያ ብሱት!» ትላለች አቺል ኢዳህ።

መሰርሰሪያ እስኪመጣ ድረስ ሕዝቡ አፍጥጦ ሲያያቸው ሐጂ ጨነቃቸው፤ ልማድ ሆኖባቸው እጃቸውን ወደ ሰማይ ሰቀሉ።

«ኡሊን ማለት ውሃ የማያሸንፈው፣ እሳት የማይደፍረው፣ ምስጥ የማያፈርሰው…»

ወይዘሮ ሩስሚኒ የገበያ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ድልድዩን እየተሻገሩ ነበር። አልቆሙም፤ ዞረውም አላዩም።

«ምላስ ግን ያፈርሰዋል» ብለው አለፉ።

ጭብጨባው ለሐጂ ንግግር ተጨብጭቦ የማያውቅ ጭብጨባ ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር በሚቀጥለው ንግግራቸው ላስገባው ፈልጌ ሐጂን ጠየቅኋቸው፤ አልፈቀዱም።